ከአማቴ ጋር የሠራነው የዓሣ ቤት

አማቴ እግራቸው የተሰበረው በሰኔ መጨረሻ፣ ቀድሰው ወደ ቤታቸው ሲወርዱ ነው። አንኮበር ክረምት ሲገባ መንገዱ ሁሉ ሳሙና የተቀባ ይመስላል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጨለማ ሲወጡበትና ሲወርዱበት የኖሩት ቁልቁለት በቀን ብርሃን ጣላቸው። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ አወጣቸው፤ ከዚያ ደብረ ብርሃን መጡ። ሐኪሙ ከጉልበታቸው በታች በጀሶ ጠቅልሎ «እስኪድን ድረስ ከሐኪም አይራቁ» አላቸው። ከሐኪም አለመራቅ ማለት እኛ ቤት መክረም ማለት ነበር።

ባለቤቴ የመጨረሻ ልጃቸው ናት። መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ ጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ ነው የምትመለሰው። እኔ የስፖርት መምህር ነኝ፤ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሥራ የለኝም። ስለዚህ ያን ክረምት ቀኑን ሙሉ ቤት የምንውለው አማቴና እኔ ብቻ ሆንን። ገና ሳስበው ላብ ላብ አለኝ።

አማቴ ይጠሉኝ ነበር ብል ሐሰት ነው። ግን አልመረጡኝም። እሳቸው ቄስ፣ አባታቸው ቄስ፣ ታላቅ ወንድማቸው መሪጌታ። ለትንሿ ልጃቸው ያሰቡላት ሰላ ድንጋይ የሚኖር ዲያቆን ነበር። እሷ ግን ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሜዳ ላይ የሚጮህ ሰው ይዛ መጣች። ሰው «አማችዎ ምን ይሠራሉ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ልጅ ያስሮጣል» ብለው ዝም ይሉ እንደነበር እየሳቀች የነገረችኝ ባለቤቴ ራሷ ናት። ከተጋባን በኋላም ስንገናኝ ንግግራችን ያው ነው።

«እንዴት ከረሙ አባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደኅና ነህ?»

«ይመስገን።»

ከዚያ ሁለታችንም ወለሉን እናያለን።

አሁን ደግሞ ይኸው አንድ ቤት። እሳቸው መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የታሰረ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። እኔ ሥራ ያለኝ ለመምሰል ከክፍል ክፍል እመላለሳለሁ። ምሳ አቀርባለሁ፣ ይባርካሉ፣ እንበላለን፣ አነሣለሁ። ቴሌቪዥን ስከፍት ፊታቸውን ወደ መስኮት ያዞራሉ፤ ስዘጋው ዝምታው ይከብደኛል። ውጭ የሚወርደው ዝናብ ባይኖር በዚያ ቤት ድምፅ የሚባል ነገር አይሰማም ነበር።

እንዲህ ሆነን ሐምሌ ገባ። የቀጠሮው ቀን ባጃጅ ጠርቼ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። የመጠበቂያው ክፍል ውስጥ፣ ከካርድ ክፍሉ አጠገብ፣ ትልቅ የመስታወት የዓሣ ማሳያ ነበር። ውስጡ መብራት በርቷል፤ ቀይና ብጫ ዓሦች ወዲያና ወዲህ ይላሉ። እኔ ብዙም አላየሁትም፤ ስልኬን እነካካ ነበር። ቀና ስል አማቴ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ በክራንቻቸው ተደግፈው ቆመዋል፤ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። አንዱ ዓሣ መጥቶ ፊት ለፊታቸው ቆመ። እሱ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እሳቸውም ሳያውቁት አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

ነርሷ ስማቸውን ጠራች። አልሰሙም። ደግማ ጠራች።

«አባ፣ ተራዎ ደርሷል» አልኳቸው።

«ይለፈኝ» አሉ ሳይዞሩ። «የቸኮለ ካለ ይግባ።»

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ወደ እኔ ዘወር አሉ። ከሰላምታ ውጭ ቀድመው ያናገሩኝ ያን ቀን ነው።

«ያ ውሃ ግን በየት በኩል ነው የማይፈሰው?»

«በማጣበቂያ ነው አባ። መስታወቱን ጠርዝ ለጠርዝ ያጣብቁታል።»

«ሰው የሠራው ነው?»

«አዎ። እኔም ልሠራው እችላለሁ።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሕይወቴ ወንበር እንኳ ጠግኜ አላውቅም። ምናልባት ወሬው እንዳይቋረጥ ፈርቼ ይሆናል። እሳቸው ግን ቃሌን እንደ መሐላ ነው የያዙት። ቤት ገብተን ጋቢያቸውን ሳያስተካክሉ «ታዲያ በምን እንጀምር?» አሉኝ።

ግቢያችን ውስጥ የወለቀ አሮጌ የእንጨት አልጋ ነበር። ጣውላውን ፈታታሁት። መጋዝ ከጎረቤት ተዋስኩ። አማቴ ተቀምጠው እንጨቱን ይይዛሉ፣ እኔ እቆርጣለሁ። በሦስት ጎኑና ከታች ጣውላ፣ ከፊት ብቻ መስታወት ያለው ሣጥን እንዲሆን ተስማማን። መስታወቱ ከየት ይምጣ ስንል አማቴ ክፍሉን ቃኙና ዓይናቸው ቡፌው ላይ አረፈ።

«ያ መስታወት ምን ይሠራል?»

የቡፌው በር መስታወት ነው፤ ሁለት የአበባ ዘለላ የተሳለበት። ቡፌው ባለቤቴ በመጀመሪያ ደሞዟ የገዛችው፣ አሥር ጊዜ የምትወለውለው ዕቃ ነው።

«ብርጭቆውን ከአቧራ ይከላከላል» አልኩ።

«ብርጭቆ ይታጠባል እኮ» አሉ።

ፈታሁት።

ማጣበቂያው ላይ ግን ተከራከርን። እኔ ሲሚንቶ ነው ያልኩት። እሳቸው ሰም ነው አሉ፤ የጧፍ ሰም ቀልጦ ሲደርቅ ውሃ አያሳልፍም። ማንም ለማንም አልሸነፍ ስላለ ሁለቱንም አደረግን፤ ከታች ሲሚንቶ፣ ከላይ ሰም። በመጨረሻም ልባችን ስላልረጋ ከጎረቤት ጋራዥ ሬንጅ አምጥቼ በሁሉም ላይ ቀባንበት። ሲያልቅ ከዓሣ ቤት ይልቅ የንብ ቀፎ ይመስል ነበር። እኛ ግን ኮራንበት። ሳሎን ያለችው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነውና በጀሪካን ውሃ ሞላሁት። አልፈሰሰም። አማቴ «ተመስገን» ብለው አማተቡ። ምሳ አቀረብኩ።

ሽሮው ገና አልተጋመሰም ነበር። «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማን። መስታወቱ አልተሰበረም፤ እንደ በር ተከፍቶ ወጣ እንጂ። ውሃው ከኋላው ተግተልትሎ መጣ። አማቴ ለመብላት እንዲመቻቸው እግራቸውን ከበርጩማው ላይ አውርደው ነበርና መጀመሪያ ያገኘው የታሰረውን እግራቸውን ነው። ነጠላ ጫማዬ እየዋኘ ወደ ጓዳ ገባ። የሶፋው ትራስ፣ ምንጣፉ፣ የሽሮው ሳህን፣ ሁሉም በአንድ አፍታ ውሃ ውስጥ ገባ።

እኔ እንጀራ እንደጠቀለልኩ ቀረሁ። አማቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ጀሷቸውን ተመለከቱት። እንደራሰ ሊጥ ሆኗል። ከዚያ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ።

«እስራኤል ቀይ ባሕርን የተሻገሩት እግር ኖሯቸው ነው። እኔ በምኔ ልሻገር?»

መጀመሪያ እንደተቆጡ መስሎኝ ነበር። ዓይናቸውን ሳየው እየሳቁ ነው። እኔም ሳቅ አመለጠኝ። ያን ያህል የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም፤ እሳቸው እምባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ «ኧረ ተው፣ ኧረ ጎኔን» ይላሉ፣ እኔ ውሃ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ።

ባለቤቴ ስትመጣ ግን ሳቁ አበቃ። ምንጣፉ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ አባቷ እግራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ ቡፌዋ ያለ በር ተገትሯል። በሩ ላይ ቆማ አንድ በአንድ አየችን።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ» አለች በመጨረሻ። ወደ እኔ ዞረች። «እሳቸውስ ታመው ነው። አንተ ምን ነክቶህ ነው? ቡፌዬን ማን ፈቅዶልህ ነው የምትፈታው?»

አፌን ሳልከፍት አማቴ ቀደሙኝ።

«እሱን ተይው። መስታወቱን ያየሁት እኔ፣ ፍታው ያልኩትም እኔ።»

ፍታው አላሉም ነበር፤ ብርጭቆ ይታጠባል ነው ያሉት። ባለቤቴ አባቷን ልትቆጣ አትችልም። ከንፈሯን ነክሳ ጓዳ ገባች፤ ትንሽ ቆይታ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እሷም እየሳቀች ነበር። በማግስቱ ጀሶ ሊቀየርላቸው ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ሐኪሙ «ምን ነካው አባ? ዝናብ ነው?» ሲላቸው፣ ሳያቅማሙ «ጎርፍ» አሉት።

ከዚያ በኋላ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ እንዳለብኝ ገባኝ። ከቤታችን በታች መስኮትና በር የሚሠራ የአሉሚኒየም ቤት አለ። እዚያ የሚሠራው ልጅ ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር መጠለያ ውስጥ የሚኖር ነው። ነገሩን ስነግረው ሳቀብኝ፤ ግን አልናቀኝም። «እኔም ዓሣ ማሳያ ሠርቼ አላውቅም፤ መስኮት ግን ዝናብ አያስገባም፤ ያው ውሃ ነው» አለኝና ከቁርጥራጭ ክምሩ ውስጥ መስታወት መምረጥ ጀመርን። ለአንዱ ጎን ከፎቅ መስኮት የተረፈ ሰማያዊ፤ ለሌላው ጎን ጥርት ያለ፤ ለጀርባው የመታጠቢያ ቤት በር ላይ የሚደረገው፣ ወዲያ ማዶ የማያሳየው። የፊቱ ያው የቡፌው አበባ ይሁን አልን፤ ባለቤቴም እሱ ወደ ቦታው እንደማይመለስ ተስፋ ቆርጣ ነበር። ለወለሉ ጠርዙ የተሸረፈ እብነ በረድ ሰጠኝ። አራቱን ማዕዘን የሚያቅፍ አሉሚኒየምም ቆረጠልኝ። ሲሊኮን ገዛሁ።

ይኼንን ሁሉ ይዤ ስገባ አማቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጠበቁኝ። ሰም የሚለውን ቃል ማንም አላነሣም፤ ሲሚንቶም እንደዚያው። እኔ መስታወቱን ደግፌ እይዛለሁ፣ እሳቸው ሲሊኮኑን በአውራ ጣታቸው ጠርዝ ለጠርዝ ይስላሉ። እኔ ችኩል ነኝ፤ «በቃ ደርሷል» እላለሁ። እሳቸው «ቆይ» ይላሉ፣ ደግመው ይስሉታል። ከሥሩ ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ አነጠፍን፤ ጠንካራ ነገር ላይ ሲቀመጥ እብነ በረዱ እንዳይሰነጠቅ። የላይ ክዳኑን ከዚያው ከአልጋው ጣውላ እሳቸው በቢላ እየላጉ ሠሩት፤ ዳር ዳሩን መስቀል መስቀል አድርገው ቀርጸውበታል።

በዚህኛው ጊዜ ሳሎን ውስጥ አልሞከርነውም። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «ውጭ!» ብላ ስላዘዘች ግቢ ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ሞላነው። ጠዋት ስነሣ አማቴ ቀድመውኝ ወጥተው፣ ተደግፈው ጎንበስ ብለው ሥሩን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ።

«ደረቅ ነው» አሉኝ። «ና ንካው። ደረቅ ነው!»

አንዷ ማዕዘን ብቻ ጥቂት ታነባ ነበር። ደግመው ሳሏት፤ ተወች።

አሸዋና ጠጠር ከበረሳ ወንዝ ዳር አምጥቼ አጠብኩ፣ ጠጠሩን ጀርም እንዳይኖርበት ቀቀልኩት። ጎረቤታችን ሴትዮ ድስቱን ከፍታ ድንጋይ ሲፈላ ስታይ መልሳ ከድናው ወጣች። ማታውን ባለቤቴን «ሰውየው ደኅና ነው?» ብላ እንደጠየቀቻት ሰማሁ።

የቀረን ዓሣው ነው። አዲስ አበባ ሄድኩ። ሻጩ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ።

«ደብረ ብርሃን።»

«በሉ እነዚህን ተዉአቸው» አለ የሚያማምሩትን እያሳየኝ። «እነሱ ሙቀት ነው የለመዱት። ይኼ ወርቃማው ግን ብርድ ይችላል።» አራት ሰጠኝ፤ ሦስቱ ወርቃማ፣ አንዱ ጥቁር፤ አየር በተሞላ ላስቲክ ውስጥ። ትንሽ የአየር ፓምፕም ገዛሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ላስቲኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ታቀፍኩት። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሲያዩኝ ሲያዩኝ ቆዩና አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ እሱ ምንድን ነው?»

«ዓሣ ነው እማማ።»

«በነፍሱ?»

«አዎ።»

«እንዴት ነው ታዲያ፣ ቤት ወስደህ ልታርደው ነው?»

ከኋላ አንድ ወጣት «ሸኖ ስንደርስ ቅቤ ግዛለት!» አለ። መኪናው በሙሉ ሳቀ።

«ኧረ ፍልሰታ ነው!» አሉ እናትዬዋ ተቆጥተው።

ከዚያ ክርክሩ ተነሣ። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም። አንዱ አያቱን ይጠቅሳል፣ ሌላው የንስሐ አባቱን። ሾፌሩም ተከራከረ፣ ረዳቱም ተከራከረ። እኔ ዓሦቹ እንዳይበርዳቸው ጃኬቴን አውልቄ ላስቲኩን ሸፈንኩት። ደብረ ብርሃን ስደርስ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ነበር። እናትዬዋ ሲወርዱ «በል እግዜር ያሳድግልህ» ብለው መረቁኝ።

አማቴ ከቅዳሴ ተመልሰው ጠበቁኝ። ያን ሰሞን በአቅራቢያችን ወዳለው ቤተ ክርስቲያን በባጃጅ አመላልሳቸው ነበር። የዓሣው ቤት ሳሎን ገብቶ፣ ውሃው ቀድሞ ተቀድቶ ስለሰነበተ የክሎሪን ሽታው ለቋል። ላስቲኩን ለጥቂት ጊዜ ውሃው ላይ አንሳፈፍኩት፣ ከዚያ ከፈትኩት። ዓሦቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሰማያዊው መስታወት ብርሃኑን ሰማይ ሰማይ አስመስሎታል፤ በፊቱ በኩል በቡፌው አበቦች መካከል ወርቃማ ጭራ ብቅ ጥልቅ ይላል። ባለቤቴ መጥታ ቆመች። «ውይ» ብቻ አለች፣ ጎንበስ ብላ።

ሰፈሩ ሰማ። አማቴ መስቀላቸውን ይዘው መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ፤ የሚመጣው ሰው መጀመሪያ ይሳለማል፣ ቀጥሎ ዓሣውን ያያል። ሁሉም ያው ጥያቄ ነው የሚጠይቀው። «መቼ ነው የሚደርሰው? መቼ ይበላል?» አማቴ መመለስ እስኪሰለቻቸው ድረስ «ይኼ ለዓይን እንጂ ለሆድ አይደለም» ይላሉ። ያቺ ድንጋይ ስቀቅል ያየችኝ ጎረቤታችንም መጣች፤ ከዚያ በኋላ ሰላም ትለኝ ጀመር።

ጥቁሩ ዓሣ ብዙ አልቆየም። አንድ ጠዋት ውሃው ላይ ተንጋሎ አገኘነው። አማቴ በጣም ከፋቸው፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ እንኳ «ምን አጎደልንበት?» ይሉ ነበር። ግቢ ውስጥ ካለው ጽጌረዳ ሥር ቀበርኩት። ጸሎት እንዳላደረጉለት ልመሰክር እችላለሁ፤ ግን ጉድጓዱን ጥልቅ አድርግ ብለው ሁለቴ አስቆፍረውኛል፣ ድመት እንዳታወጣው።

በነሐሴ አጋማሽ መብራት ጠፋ። እኔ ገበያ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ የፓምፑ ድምፅ የለም። ሳሎን ስገባ አማቴ ወንበራቸውን ወደ ዓሣው ቤት አስጠግተው፣ የታሰረ እግራቸውን ወደ ጎን ዘርግተው፣ በጣሳ ውሃውን እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያንቆረቁሩታል። ይቀዳሉ፣ ያንቆረቁራሉ። አረፋው ይወርዳል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ውዳሴ ማርያም እየደገሙ ነበር።

«አባ!»

«አየር ነው የሚሰጣቸው ብለኸኝ አልነበር? ቆመ። ላይ ላዩን እየመጡ ሲያለከልኩ አየኋቸው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አንተ ከወጣህ ብዙም ሳይቆይ ነው።»

ጣሳውን ተቀበልኳቸው። መብራቱ እስኪመጣ እየተቀባበልን አንቆረቆርን፤ እኔ ስደክም እሳቸው፣ እሳቸው ሲደክሙ እኔ። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል መሰለኝ፣ ያን ቀን የተጫወትነውን ያህል ከራሴ አባት ጋር እንኳ ተጫውቼ አላውቅም።

«ዓሣ በሕይወቱ ሳለ አይቼ አላውቅም ነበር» አሉኝ። «ልጅ ሆኜ በተማርኩበት ደብር ግድግዳ ላይ ዮናስን የዋጠው ተስሎ ነበር። ሰዓሊውም እንደኔ ነው፣ አይቶ አያውቅም። ጥርሱን የጅብ አደረገው። እኔም እስካሁን ዓሣ ሲባል ትዝ የሚለኝ ጅብ ነበር።»

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። ትንሽ ቆይተው ጣሳውን እየተቀበሉኝ ድንገት ጠየቁኝ።

«እስቲ ንገረኝ። ልጅ ማስሮጥ ምን ይረባል?»

እንደ ስድብ አልነበረም። ከልባቸው ሊያውቁ ፈልገው ነው። እኔም ከልቤ መለስኩላቸው። ከደነባ በኩል የመጣች አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንኳ «አቤት» ለማለት የምታፍር፣ ሁሌም ጥግ የምትቀመጥ። ሜዳ ላይ ወንዶቹን ጥላቸው ስትሄድ አየኋት። ከትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ውድድር አስገባኋት። አላሸነፈችም፤ ሦስተኛ ወጣች። ግን በሳምንቱ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ እንደመለሰች የሒሳብ መምህሯ መጥቶ ነገረኝ። ዛሬ መምህርት ለመሆን እየተማረች ነው።

«በመሮጥ ነው?» አሉ።

«በመሮጥ።»

ጣሳውን ሞልተው ከፍ አድርገው አንቆረቆሩ። «ዜማም እንዲያ ነው» አሉ። «እኔም የምፈራ ልጅ ነበርኩ። ማኅሌት ቆሜ ድምፄን የሰማሁ ቀን ነው ሰው የሆንኩት።» ከዚያ ዝም አልን። ዝምታው ግን እንደ ሐምሌው አልነበረም፤ አልከበደኝም።

መብራቱ ሲመጣ ፓምፑ ጉርጉር አለ፤ ሁለታችንም እጃችንን ወደ ላይ አነሣን፣ ቡድናችን ጎል ያገባ ይመስል። ሦስቱም ዓሦች ደኅና ነበሩ።

በነሐሴ መጨረሻ ጀሷቸው ተፈታ። እግራቸው ቀጥኖ፣ ቆዳው ነጥቶ ወጣ። እንዲጠነክር ልምምድ ያስፈልገው ስለነበር ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ አሠራቸው ጀመር። «ከፍ፣ ዝቅ። አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና አባ» እላለሁ። ባለቤቴ ከመስኮት ሆና «ይኸው አባዬንም ማስሮጥ ጀመርክ!» ትላለች። ለዘመን መለወጫ አንኮበር ለመግባት ቸኩለው ነበር፤ ገቡም። ከመኪናው ሳይወርዱ ደወሉ፤ ለልጃቸው ሳይሆን ለእኔ። ዓሦቹ በልተዋል ወይ ነው ጥያቄው።

የዓሣው ቤት አሁንም ሳሎናችን ውስጥ አለ። ያቺ ማዕዘን ክረምት ሲመጣ ጥቂት ታነባለች፤ ከሥሯ የሰርዲን ቆርቆሮ አድርገንባታል። ዓሦቹ አድገዋል፤ የአሉሚኒየም ቤቱ ልጅ እሑድ እሑድ ልጆቹን ይዞ ሊያሳያቸው ይመጣል። ለባለቤቴ ቡፌም አዲስ መስታወት ቆርጦ ገጥሞላታል፤ አበባ የሌለው ስለሆነ ግን እስከ ዛሬ ታማዋለች።

ያ ክረምት እንዳለፈ፣ ከመስቀል በኋላ አንኮበር ሄድን። አማቴ በዱላ ተደግፈው እስከ መንገድ ወጥተው ተቀበሉን። ሻንጣችንን ገና ሳናስቀምጥ እጄን ይዘው ወደ ቤቱ ጀርባ ወሰዱኝ። አንድ ትልቅ የፕላስቲክ በርሜል፣ የተጣመመ ቆርቆሮ፣ ግማሽ የፈረሰ መሰላልና ጥቅል ሽቦ ተደርድሯል። የጣሪያውን ውሃ ማጠራቀም ይፈልጋሉ፤ ምንጩ ሩቅ ነው፣ ለሚቀዱት የልጅ ልጆቻቸው አዝነዋል።

«ሲሊኮን አምጥተሃል?» አሉኝ።

አላመጣሁም። እሳቸው ግን ከጎረቤት አግኝተው ደብቀውታል። ቆርቆሮውን አንሥተን ከጣሪያው ጠርዝ ጋር አስተካከልነው። ወዴት ያዘንብል በሚለው ላይ ወዲያው ተጣላን፤ እኔ ወደ በርሜሉ ቀጥታ ነው እላለሁ፣ እሳቸው መጀመሪያ ወደ ግራ ካልዞረ ነፋሱ ውሃውን ይበትነዋል ይላሉ። ባለቤቴ ምሳ መቅረቡን ደጋግማ ጠራችን። ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። እኔ መሰላሉ ላይ ነኝ፣ እሳቸው ከሥር በዱላቸው እየጠቆሙ «ዝቅ፣ ዝቅ! አሁን ቆይ» ይሉኛል።